ለእገዛ ሰነድ ፖፕአፕ የትኛው ያዋጣል? ፍሌር፣ ሮቦሄልፕ ወይስ የእጅ ሥራ

ገላን አካባቢ ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ሶፍትዌራችንን ይጠቀማል። የእገዛ ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የንብረት ክፍሉን ኃላፊ አጠገባቸው ቆሜ አያቸው ነበር። ጋሼ በስልካቸው ሲሚንቶ ገቢ እያደረጉ ነው። ከመሙያው ሥር «ሞዴል 19» የሚል የተሰመረበት ቃል አለ፤ ሲነኩት ትርጉሙን ብቅ የሚያደርግ፣ ፖፕአፕ የሚባለው ዓይነት። አውራ ጣታቸው ሳያስቡት አረፈበት። ትርጉሙ በሌላ ታብ ተከፈተና የሚሞሉት ፎርም ከዓይናቸው ጠፋ።

«አንተ ልጅ፣ የጻፍኩትን በላው እኮ!»

አልበላውም፤ ከኋላ ተደብቆ ነው። ግን ይህን ሳስረዳቸው እስክሪብቶና ካርኒ አንስተው ነበር። የሚያናድደው ደግሞ ሞዴል 19 የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ መሆኑን ጋሼ እኔ ሳልወለድ ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለችው ቢሯችን ቁጭ ብለን ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ ሞከርን። መብራት ሲሄድ በላፕቶፕ ባትሪ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በትዕግሥት። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ያገኘነው ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ ከዝርዝሩ የወጣው ሲኤችኤም ነው፤ ያ የድሮው የዊንዶውስ እገዛ ፋይል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ነው፤ ዛሬም «በነፃ ይሠራል፣ ፖፕአፕም አለው» የሚሉት አሉ። እውነት ነው፣ አለው። ግን ፖፕአፑ ቅርጽ የሌለው ደረቅ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀበለው። ከዚያ የባሰው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ማውጫውና ፖፕአፑ የሚሠሩት በድሮው የዊንዶውስ ኮድ ገጽ (ለፊደላት ቁጥር በሚሰጥ ሰንጠረዥ) ነው፤ አማርኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ኮድ ገጽ ኖሮት አያውቅም፣ ዊንዶውስ ውስጥ የገባው የብዙ ቋንቋ ፊደላትን በአንድ ላይ በሚይዘው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ገጹ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ደህና ሆኖ ይታያል፣ ማውጫው የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። በኢሜይል የተላከ ከሆነም ዊንዶውስ ይዘቱን ይዘጋዋል፤ ፕሮፐርቲስ ገብቶ መክፈት ይጠይቃል። ስልክ ላይ ጨርሶ አይታሰብ።

የቀሩት ከባዶቹ ናቸው፦ ማድካፕ ፍሌርና አዶቢ ሮቦሄልፕ፤ ሁለቱም በክፍያ የሚገኙ የእገዛ ሰነድ መጻፊያ ሶፍትዌሮች። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የፍሌርን ሠሪ ማድካፕን እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት ከሮቦሄልፕ ቤት የወጡ ሰዎች ናቸው። ፖፕአፕ ላይም አስተሳሰባቸው ይመሳሰላል። ሁለቱም አጭር ጽሑፍ እዚያው ጽፈህ ብቅ እንዲል ያስደርጋሉ፤ ሁለቱም ሌላ ሙሉ ገጽ በሣጥን ውስጥ ይከፍታሉ።

ሮቦሄልፕ ላይ የሣጥኑን ስፋት በፒክስል መወሰን ወይም በይዘቱ ልክ እንዲሆን መተው ይቻላል። ለይዘቱ ተዉት። እኛ ኮምፒውተር ላይ ለክተን ያሳመርነው ሣጥን ስልክ ላይ ግማሹ ከስክሪን ውጭ ቀረ። ፍሌርን የምወድለት ፖፕአፑን ሳይሆን አንዱን ጽሑፍ ለድረ ገጽም ለታተመ መመሪያም ማውጣት መቻሉን ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ወረቀት ላይ ብቅ የሚል ነገር የለም። ፖፕአፕ ውስጥ የደበቃችሁት ማስጠንቀቂያ ካለ የታተመውን የሚያነበው ሰው አያገኘውም። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፍሌር የሚሠራውም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ሻጮች ወደማይነግሯችሁ ነገር ልምጣ። ሁለቱም የቃላት መፍቻ አላቸው። «ቃሉን አንዴ መዝግብ፣ ሰነዱ ውስጥ ባለበት ሁሉ ራሱ ፖፕአፕ ይሆናል» ይላሉ። ለእንግሊዝኛ ግሩም ነው። እኛ ግን «ደረሰኝ» ብለን መዘገብን። ሰነዳችን ውስጥ ያለው «የደረሰኙ»፣ «በደረሰኝ»፣ «ከደረሰኞቹ» ነው። ከፊት ይጨመራል፣ ከኋላ ደግሞ ፊደሉ ራሱ ይለወጣል፤ ኝ ኙ ይሆናል፣ ኞ ይሆናል። ባዶውን የቆመ «ደረሰኝ» ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅበት ይህ ነገር ለአማርኛ ጸሐፊ ግማሽ ጥቅም እንኳ የለውም። ፍሌር ላይ «ምልክት የተደረገባቸውን ብቻ» የሚለውን ምርጫ ይዛችሁ በእጅ ትለቅማላችሁ። እኛም ለቀምን።

በእጅ ከለቀምን አይቀር ለምን እንከፍላለን? ጥያቄው ከዚህ መጣ። የሁለቱም ክፍያ በዶላር ነው፣ በየጊዜውም ይታደሳል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 አለፈ። ያን ያየ ሰው የዓመት ክፍያ ሲፈርም እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

የእጅ ሥራው ተራ ኤችቲኤምኤል፣ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኮድ፣ ነው። ብራውዘሮች ፖፕኦቨር የሚባል ነገር አሁን ከራሳቸው ጋር ይዘው ይመጣሉ፦ ክሮም ከ114፣ ሳፋሪ ከ17፣ ፋየርፎክስ ከ125 ጀምሮ። ሣጥኑ እዚያው ገጽ ላይ ይከፈታል፣ ሌላ ታብ የለም። ከሣጥኑ ውጭ ሲነኩ ይዘጋል። በጃቫስክሪፕት አዲስ መስኮት እንደሚከፍተው የድሮ ዘዴ በፖፕአፕ ማገጃ አይታገድም። ያረጀ ብራውዘር ካጋጠመው ደግሞ ጽሑፉን ሳይደብቅ ገጹ ላይ እንዳለ ያሳየዋል፤ አያምርም፣ ግን ይነበባል። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ትርጉም ሲለወጥ 40 ገጽ ላይ ማሳደድ አለ፤ ኮድ የማይነካ ጸሐፊ ካላችሁም አትሞክሩት።

እንግዲህ እኔ ብጠየቅ፦ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ በአማርኛ ለስልክ የምትጽፉ ከሆነ የእጅ ሥራው ይበቃል። ብዙ ጸሐፊ፣ በተለያየ ቋንቋ የሚወጣ ሰነድና የታተመ መመሪያ ካለ ፍሌር ዋጋውን ያወጣል። ሮቦሄልፕን የምመክረው ቀድሞ የለመደው ሰው ቢሯችሁ ካለ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሙከራ ጊዜ ሁለቱም አላቸው። የእነሱን ናሙና ትታችሁ የራሳችሁን አሥር ገጽ አስገቡ፣ ከዚያ በደንበኛ ስልክ ክፈቱት። በእናንተ ስልክ አይደለም።

እኛ በመጨረሻ ሣጥኑን ከስክሪኑ ታች አደረግነው፣ «ዝጋ» የሚል ወፍራም ቁልፍ ጨመርንበት፣ የተሰመረባቸውን ቃላትም ከቁጥር መሙያው አራቅናቸው። ጋሼ አሁን አይነኩትም። የሚነካው በቅርቡ የተቀጠረው ልጅ ነው፤ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ማድረጊያው) እስካሁን ይምታቱበታል።