ባለ ዙም ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፦ አዲስ የሾላ ተርብ ዝርያ ለመግለጽ ይበቃል?

ከ7 እስከ 45 እጥፍ የሚያጎላው ባለ ዙም ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ የነፍሳት አጥኚ ሁሉ መነሻ ነው። ናሙና ለመለየትና ለማዘጋጀት እንከን አይወጣለትም። ለልኬት ግን አይበቃም።

ከሌንሱ እስከ ናሙናው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ስላለ፣ ተርቦቹ የሚያድጉበትን የሾላ ፍሬ ሰንጥቆ እነሱን በወረንጦ ሲለቅሙ እጅ አይጨናነቅም። በ15 እጥፍ ክንፍ አልባዎቹ ፈዛዛ ወንዶች ከፍሬው ሥጋ ተለይተው ይታያሉ። እነሱን ማለፍ አያዋጣም፤ የወንዱና የሴቷ መልክ ስለማይገናኝ ኋላ ማዛመዱ ራስ ምታት ነው። አንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ ዝርያ ሊኖር ስለሚችል አብረው መገኘታቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አብሮት የሚመጣው የቀለበት መብራት ደካማ ጎኑ ነው። የሚያብረቀርቅ ገላ ላይ እያንዳንዱ አምፖል ነጭ ነጥብ ሆኖ ያርፍና የቆዳውን ቅርጽ ይሸፍናል። በናሙናው ዙሪያ ስስ የንድፍ ወረቀት ጠቅልሎ ማቆም ይበቃል።

ችግሩ ልኬት ላይ ነው። ዓይን ሌንሱ ውስጥ የሚገባው ማስመሪያ 10 ሚሊ ሜትር ለ100 የተከፈለ ከሆነ፣ ዙሙ መጨረሻ ላይ አንዱ ክፍል 22 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ነው። 60 ማይክሮን የሆነ የአንቴና አንጓ ሦስት ክፍል እንኳ አይሞላም፤ በአንድ ክፍል መሳሳት የልኬቱን ሲሶ ማበላሸት ነው። ባለ 2 እጥፍ ተጨማሪ ሌንስ ወደ 11 ማይክሮን ያወርደዋል፤ ሆኖም ክፍት ቦታው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠብና ወረንጦ መግቢያ ያጣል። ባለ 20 እጥፍ የዓይን ሌንስ ደግሞ ምስሉን ያሳብጣል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም።

ስለዚህ አንቴናና ክንፍ ወደ ስላይድ፣ ከዚያም ወደ ኮምፓውንድ ማይክሮስኮፕ መሄዳቸው የግድ ነው። በባለ 40 እጥፍ ኦብጀክቲቭ (ናሙናው አጠገብ ባለው ሌንስ) ያው ማስመሪያ 2.5 ማይክሮን ይሰጣል። ስላይዱን የማዘጋጃው መንገድ የታወቀ ነው፦ 10 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ፣ ውሃ፣ ከ70 እስከ 100 በመቶ ደረጃ በደረጃ ኢታኖል፣ የቅርንፉድ ዘይት፣ በመጨረሻ ካናዳ ባልሳም (ናሙናውን መስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ ጥርት ያለ የዛፍ ሙጫ)። ኢታኖሉ ላይ ከተቸኮለ ውሃ ይቀርና ባልሳሙ ደመና ይለብሳል። ፖታሺየሙ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ቀለሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቀለሙ አስቀድሞ ፎቶ ይነሳ። የሚበለተውም ፓራታይፑ (በመግለጫው የተጠቀሰ ተጨማሪ ናሙና) ይሁን፤ ሆሎታይፑ (የዝርያው ስም የሚታሰርበት አንዱ ናሙና) ሙሉ ይቀመጥ።

የካሜራው ቱቦ ምስሉን የሚወስደው ዘንበል ካለ አንድ መስመር ስለሆነ፣ በየጥልቀቱ የተነሱ ፎቶዎች ሲደራረቡ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል።

ምርጫ ካለ ከፍ ያለ ጉላት ከሚያስተዋውቀው ይልቅ ዙሙ በየደረጃው ቀጭ ብሎ የሚቆመውን ይያዙ። ያለ ማቆሚያ የሚዞረው ትንሽ በተነካ ቁጥር ልኬቱ ይዛባል፤ እሱን የገዛ ሰው ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት 1 ሚሊ ሜትር ለ100 በተከፈለ የስላይድ ማስመሪያ ማረጋገጥ ይኖርበታል።