ከኪት የገጣጠምኩት ቤልት ግራይንደር፤ ከስምንት ወር በኋላ

ቤልት ግራይንደሩን፣ ማለትም በሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ ብረት የሚሞርደውን ማሽን፣ ተበታትኖ ከሚሸጥ ኪት ጥቅምት ላይ ነው የገጣጠምኩት። አሁን ሰኔ ገብቷል። በነዚህ ስምንት ወራት ሳልነካው ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ጥሩውንም መጥፎውንም ለመናገር የሚያበቃ ጊዜ አብረን ቆይተናል።

ወርክሾፔ ግንፍሌ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለች ሰርቪስ ቤት ናት። ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት። ድሮ ከሰልና አሮጌ ዕቃ ይከማችባት ነበር። እዚያ ከመኪና ባሌስትራ ቢላ እሠራለሁ። እስከ አምና ድረስ በሞረድና በእጅ ግራይንደር ነበር የምሠራው። አንድ የወጥ ቤት ቢላ ሁለት ቅዳሜ ይበላብኝ ነበር። አሁን ሻካራውን ሥራ ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ።

ኪቱን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በሁለት ሻንጣ ከፋፍሎ አመጣልኝ። ውስጡ በሌዘር የተቆረጡ ወፍራም ብረቶች፣ ቀበቶው የሚዞርባቸው አራት የአሉሚኒየም ፑሊዎች፣ ብሎንና ዳዶ፣ ቀበቶውን የሚወጥር ሞላና አንድ ገጽ መመሪያ አለ። ሞተር የለውም። የሞተሩን መብራትና ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተርም የለውም። ይህን ቀድማችሁ አስቡበት፤ ሁለቱ ተደምረው የኪቱን ዋጋ ሊያህሉ ምንም አልቀራቸው። ቀበቶው ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሪያው 183።

ሞተሩን ያገኘሁት መርካቶ ነው። ስሪ ፌዝ (በሦስት የመብራት መስመር የሚሠራ)፣ 1.5 ኪሎዋት፣ ማለትም ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 2800 ዙር። ሰውነቱ ድፍን የሆነውን መረጥኩ፤ ክፍት ከሆነ የብረት ብናኝ ይገባበታል። በ10 ሳንቲ ሜትር ፑሊ ቀበቶው በሰከንድ 15 ሜትር ገደማ ይሮጣል። የቤታችን መብራት ሲንግል ፌዝ ስለሆነ ወደ ስሪ ፌዝ የሚቀይረው ኢንቨርተሩ ነው። ፍጥነቱን የሚያበዛውና የሚቀንሰውም እሱ ነው።

መገጣጠሙ ሦስት ምሽት ፈጀ። ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ ቀን አስነሳሁት። ድምፁ ደስ ይላል፣ ቀበቶው ይበራል። ብረት አስጠግቼ ትንሽ ጫን ስል ግን እያጉረመረመ ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተበላሸ ሞተር የገዛሁ መስሎኝ ስበሳጭ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጎረቤታችንን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የሞተሩን ትንሽ ሳጥን ከፈቱ። ውስጡ ስድስት ብሎን አለ፤ ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች። የላይኞቹ ሦስቱ በነሐስ ቁራጭ ጎን ለጎን ተያይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ በስታር ነው የታሰረው» አሉኝ። «ለ380 ነው። ያንተ ኢንቨርተር ስንት ነው የሚያወጣው?»

«220 ቮልት ነው፣ ጋሼ።»

«በቃ፣ ዴልታ መሆን አለበታ!»

ቁራጮቹን ፈትተው ከላይ ወደ ታች ሦስት ቁም መስመር አድርገው አሰሯቸው፤ ዴልታ የሚሉት ይህን ነው፣ የበፊቱ ደግሞ ስታር። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እንዲህ ያለ ሞተር በስታር ታስሮ 220 ሲሰጠው ጉልበቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። መመሪያው ላይ ስለዚህ አንድም ቃል የለም። የሞተሩ ገላ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ላይ ግን 220/380 ተብሎ ተጽፏል። ምንም ከማድረጋችሁ በፊት እሷን አንብቡ።

ሌላው ጣጣ ቀበቶው መስመሩን አለመያዙ ነበር። የላይኛው ፑሊ መሃሉ ጎበጥ ያለ ነው። የሚሽከረከር ቀበቶ ወደ ከፍታው ስለሚወጣ መሃል ላይ የሚያቆየው ያ ጉብታ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ሁሉም ፑሊ በአንድ መስመር ከተሰለፈ ነው። የኔ የሞተር ፑሊ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ነበር። ሁለት ቀበቶ ጠርዙ ተተልትሎ ተጣለ። ከላይ እስከ ታች ክር ወጥሬ ሳየው ነው የገባኝ። ፑሊውን ዘንጉ ላይ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ከሞተሩ አንድ እግር ሥር ቀጭን ላሜራ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ማስተካከያዋን በሁለት ጣት ነካ ማድረግ ይበቃል።

የመብራቱ ነገርም አለ። እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ምጣዱ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። እሱ ሲሰካ ቮልቴጅ ይወርድና ኢንቨርተሩ ስህተት ጽፎ ቀጥ ይላል። ከቆጣሪው ለብቻው መስመር አስጎተትኩ፣ ግራውንድም አሠራሁ። ተሻሽሏል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። አሁን ከእናቴ ጋር ተስማምተናል። እስከ አራት ሰዓት ምጣዱ የእሷ ነው፤ ከዚያ በኋላ መብራቱ የኔ።

አምስተኛው ወር ላይ ፑሊው መጮህ ጀመረ። የመጡት ኩሽኔታዎች የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ናቸው፤ ብናኙ ሰተት ብሎ ይገባል። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያንኑ ቁጥር፣ 6203፣ በሁለቱም በኩል በጎማ የታፈነውን ገዛሁ። ፈትቼ ለመቀየር ሃያ ደቂቃ አልሞላም። እያንዳንዷን ብሎን ራሴ ስላሰርኳት የት ምን እንዳለ አውቃለሁ። ያለቀለት ማሽን ገዝቼ ቢሆን ባለሙያ ፍለጋ እዞር ነበር። ኪቱን የምወድለት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ለቢላ ሥራ ኢንቨርተሩን አትዝለሉት። የጠነከረ ብረት በፍጥነት ሲሞረድ ይግላል። ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ እንደገና አግሎ ከመጀመር በቀር መላ የለውም። እኔ በባዶ እጅ ነው የምይዘው። ጣቴን ሲያቃጥለኝ ባልዲው ውስጥ እነክረዋለሁ። መጨረሻ ላይ ኢንቨርተሩን ወደ 15 ኸርዝ አወርደዋለሁ፤ ያኔ ቀበቶው በሰከንድ ከአራት ሜትር ብዙም አያልፍም። በዚህ ፍጥነት ብዙ ከቆየ ግን የሞተሩ ማራገቢያም አብሮ ስለሚዘገይ ገላው ይሞቃል። በየመሃሉ አሳርፉት።

ብናኙ ቀልድ አይደለም። ያለ ማስክና መነጽር አልነካውም። ብልጭታው የሚወድቅበት ቦታ ውሃ ያለው ባልዲ አለ። የእጀታ እንጨት ስሞርድ መጀመሪያ የብረቱን ብናኝ ጠርጌ አወጣለሁ፤ የእንጨት ዱቄትና የብረት ብልጭታ ከተገናኙ እሳት ነው። ድምፁን በተመለከተ፣ ከአጥራችን ማዶ ያሉት እማማ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ልጄ፣ የቀኑን ሥራ በቀን ጨርስልኝ» ብለውኛል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አስነስቼው አላውቅም። ለፋሲካ የእሳቸውንና የግማሽ ሰፈሩን ቢላ ስዬበታለሁ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ብረት የማስደግፍበት ክንድ ቱቦው ውስጥ ይወላወላል፤ አንድ ተጨማሪ ብሎን በስቼ አሰርኩት። ከቀበቶው ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ ቶሎ ተበልቶ ጎደጎደ። ከምናለሽ ተራ ጠንካራ ቁራጭ አምጥቼ ቀየርኩት።

ዳግመኛ ብገዛ ፍሬሙን ያለ ጥርጥር እገዛለሁ። ፑሊዎቹን ግን እዚሁ ቶርኖ ቤት ነበር የማሠራው። ቀበቶ በዚህ ልክ ከተማ ውስጥ ዞሬ አላገኘሁም፤ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ነው የማዘው። ስለዚህ አንዱም እንዲባክን አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እርጥበት የጠጣ ቀበቶ መገጣጠሚያው ለቅቆ ተበጠሰና በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ጎን ቆሜ ስለነበር ተረፍኩ። የቀሩትን በሙሉ ወደ መኝታ ቤቴ አስገብቻቸዋለሁ፤ ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው ናቸው።