ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ ወይስ አይፓድ ሚኒ፦ ለነጋዴ የሚበጀው የቱ ነው?

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እየተመላለስኩ የሕንፃ ዕቃ በጅምላ የማከፋፍል እንደመሆኔ፣ ቀጠሮዬን፣ የዱቤ መዝገቤንና የዋጋ ዝርዝሬን የምይዝበት መሣሪያ ለመምረጥ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 አልትራንና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውን አይፓድ ሚኒ ጎን ለጎን ስሠራባቸው ቆይቻለሁ።

ለንባብ አይፓዱ ይበልጣል። 8.3 ኢንች የሆነው ገጹ ሰፊ ሠንጠረዥ ሳያጣብብ ስለሚያሳይ ደንበኛ ከጎኔ ቆሞ ዋጋውን አብሮኝ ያያል። ሆኖም ሲም ካርድ የሚቀበለው ዓይነት እንኳ ለኢንተርኔት እንጂ ለተለመደው የስልክ ጥሪ አያገለግልም፤ ይህም በእኛ ገበያ ቀላል ጉድለት አይደለም። ከባንክ በአጭር መልእክት የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥርም ሆነ በኮከብ ምልክት የሚጀምረው የአጭር ቁጥር አገልግሎት ስልክ ስለሚፈልግ፣ አይፓድ የያዘ ነጋዴ ሌላ ስልክ በኪሱ መያዝ ግድ ይሆንበታል።

አልትራው 6.8 ኢንች ገጽ አለው፣ ክብደቱም 234 ግራም ነው። ብዕሩ ከስልኩ አካል ውስጥ ተመዝዞ ይወጣል፤ ገጹ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ወዲያው መጻፍ ማስቻሉን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሜ የታዘዘውን የሲሚንቶ ብዛት የምመዘግበው በዚህ ነው። የአይፓዱ ብዕር ለብቻው ይገዛል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ለሚገዛ ነጋዴ ስልኩን፣ ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል የሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ አይፓዱን እመርጣለሁ።

ደንበኞቼ ቀጠሮ የሚሰጡኝ በእኛው የቀን አቆጣጠር ስለሆነ በሁለቱም ላይ የኢትዮጵያ ካሌንደር መተግበሪያ ጭኛለሁ።