ፓወርላይን አዳፕተር፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ

ዋይፋይ ወፍራም ግድግዳ ሲገጥመው ይደክማል። የኔትወርክ ኬብል ለመዘርጋት ደግሞ ግድግዳ መብሳት ወይም በየበሩ ሥር ሽቦ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ፓወርላይን አዳፕተር በሁለቱ መካከል ያለ አማራጭ ነው። ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፤ አንዱ ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላው ኢንተርኔት በተፈለገበት ክፍል ሶኬት ላይ ይሰካል። ዳታውን የሚያመላልሰው ቤቱ ውስጥ አስቀድሞ የተዘረጋው የመብራት መስመር ነው። ይህ ግምገማ በዋናነት የቲፒ-ሊንክን ቲኤል-ፒኤ7017ፒ ጥንድ ይመለከታል፤ ለንጽጽር ያህል ሌሎችንም እናነሳለን። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ 7017ፒ ለአብዛኛው ቤት የሚበቃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ገዢው ግን በገንዘቡ የሚያገኘው የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚሠራው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። በኋላ «አይሠራም» ብለው ዕቃውን የሚመልሱት አብዛኞቹ ይህንን ሽቦ ሳያዩ የገዙ ናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራ። የ7017ፒ ካርቶን ላይ ያለው ኤቪ1000 ማለት ፋይል በሰከንድ በ1000 ሜጋቢት ይወርዳል ማለት አይደለም። ሁለቱ አዳፕተሮች ሁሉም ነገር ሲመቻች በሽቦው ላይ የሚነጋገሩበት ጥሬ ፍጥነት ነው፤ መላኩም መቀበሉም እዚያው ውስጥ ተደምሯል። መስመሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ላኪ ብቻ ነው፤ ስህተት ማረሚያውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሦስተኛና አራተኛ አዳፕተር ከተጨመረ ሁሉም የሚካፈሉት ያንኑ አንድ መስመር ነው። ጥሩ ሽቦ ባለበት ቤት ከተጻፈው ሲሶውን ማግኘት መልካም ውጤት ነው። ረጅምና ረብሻ የበዛበት መስመር ላይ አንድ አሥረኛው ብቻ ቢገኝ እንኳ ዕቃው ተበላሽቷል አይባልም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የመብራቱ ኃይል የሚመጣው በ50 ወይም በ60 ኸርዝ ነው፤ አዳፕተሩ ዳታውን የሚጭነው ከዚያ እጅግ በራቀ ከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ነው። ሆምፕለግ ኤቪ የተባለው ደረጃ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ገደማ ይጠቀማል፤ ተከታዩ ኤቪ2 ጣሪያውን ወደ 86 ሜጋኸርዝ አሳድጎታል። ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ምልክቱ በርቀት ቶሎ ይዳከማል። ስለዚህ በኤቪ600 እና በኤቪ1000 መካከል ያለው ልዩነት ቅርብ ለቅርብ ባሉ ክፍሎች ጎልቶ ይታያል፤ እየራቁ ሲሄዱ ይጠባል። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው 300 ሜትርም የሽቦው ርዝመት እንጂ የክፍሎቹ ርቀት አይደለም። ሽቦው ወደ ጣሪያ ወጥቶ፣ የብሬከር ሳጥኑ ዘንድ ደርሶ፣ እንደገና ተመልሶ ስለሚወርድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ክፍሎች በሽቦ ሲለኩ 30 ወይም 40 ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ።

የዚሁ ኩባንያ አነስተኛው ቲኤል-ፒኤ4010 ኤቪ600 ይባላል፤ የኬብል ፖርቱ ግን 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። የመብራት መስመሩ የቱንም ያህል ቢያመላልስ ከፖርቱ የሚወጣው ከ100 አይበልጥም። ቪዲዮ ለማየትና ለቢሮ ሥራ ይበቃል፤ የኢንተርኔት መስመሩ ከ100 ሜጋቢት ለሚበልጥ ሰው ግን አንመክረውም። 7017ፒ ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ፖርት አለው፤ ከፍ ላለው ዋጋ ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው። ከላዩ ያለው ቲኤል-ፒኤ8010ፒ ደግሞ ሚሞ የተባለውን ስልት ይጨምራል፦ ኃይል ከሚያመጣው ፌዝና ከሚመልሰው ኒውትራል ሌላ ለአደጋ መከላከያ ወደ መሬት የሚታሰረውን የግራውንድ ሽቦም ለዳታ ይጠቀማል። ይህ የሚጠቅመው ግራውንዱ በእውነት ከታሰረ ነው። ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ወይም የብረት ንክኪ ስላለው ብቻ ከጀርባው ሽቦ አለ ማለት አይደለም፤ በቆዩ ቤቶች ባዶውን ይገኛል። ግራውንድ በሌለበት ቤት ሚሞ ያለውን አዳፕተር መግዛት ለማይሠራ ነገር መክፈል ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ማስፈተሽ ይሻላል፤ ግራውንዱ ከኢንተርኔት በፊት የሚያስፈልገው ለሰው ሕይወት ነውና።

ዴቮሎ የተባለው ሌላ ኩባንያ የሚሠራው ማጂክ 2 ካርቶኑ ላይ 2400 ተጽፎበታል፤ የሚሠራውም ጂ.ኤችኤን በተባለ ሌላ ደረጃ ነው። ይህ ቤተሰብ ከሆምፕለግ ጋር አይነጋገርም፤ ዲላን ከሚባሉት ከራሱ ከኩባንያው የቀድሞ አዳፕተሮች ጋር እንኳ አይግባባም። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ቤት መሰካት እርስ በርስ እንዲረባበሹ ማድረግ ነው። ኤቪ እና ኤቪ2 ግን ይግባባሉ፤ አሮጌ ኤቪ ያለው ሰው አዲስ ኤቪ2 ቢጨምርበት ይሠራል።

ከመግዛት በፊት ሊታይ የሚገባው የብሬከር ሳጥኑ ነው። ቤቱ የሚያገኘው አንድ ፌዝ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሦስት ፌዝ ከገባና ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ከወደቁ ግን ምልክቱ የሚሻገረው ጎን ለጎን በተኙት ሽቦዎች መካከል በሚፈጠር መጠነኛ መተላለፍ ብቻ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ በጣም ይዘገያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይገናኝም። ፌዝ ማገናኛ የሚባል መሣሪያ ለዚህ አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ የሚታሰር ስለሆነ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። አርክ (በሽቦ ላይ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ) የሚከታተሉ ብሬከሮችም ምልክቱን ሊያዳክሙት ይችላሉ።

አዳፕተሩ በቀጥታ የግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰካ። ይህን ሁሉም መመሪያ ይጽፈዋል፣ ብዙው ሰው ይዘለዋል። ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገተኛ የኃይል ንረት መከላከያ) ያለበት ኤክስቴንሽን ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ድግግሞሽን እንዲያፍን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የአዳፕተሩንም ዳታ ከረብሻ ለይቶ አያይም፣ ያፍነዋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራው ዩፒኤስም እንዲሁ ነው። ተራ ኤክስቴንሽን ቢሆንም በየመገናኛው ምልክቱ ይቀንሳል፤ የሚረብሹት ቻርጀሮችም ልክ አጠገቡ ይሆናሉ።

7017ፒን የምንወድለት አንዱ ነገር እዚህ ላይ ይረዳል። ፊቱ ላይ ሶኬት አለው፤ ሶኬቱም ማጣሪያ አለው። ኤክስቴንሽኑ ከነቻርጀሩና ከነቴሌቪዥኑ በአዳፕተሩ ፊት ሲሰካ ረብሻቸው ወደ መስመሩ ከመድረሱ በፊት ይጣራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግድግዳ፣ አዳፕተር፣ ከዚያ ኤክስቴንሽን ይሁን። ረብሻ የሚባሉትም ጥራት የሌላቸው የስልክ ቻርጀሮች፣ የኤልኢዲ አምፖሎች፣ የመብራት ዲመሮች፣ እንዲሁም እንደ ቫኪዩምና መሰርሰሪያ ያሉ ብሩሽ ያለው ሞተር የሚያዞራቸው ዕቃዎች ናቸው። ኢንተርኔቱ ቀን ደህና ሆኖ ማታ የሚጎተት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ማታ የሚበሩት አምፖሎች ናቸው፤ አንድ በአንድ እያጠፉ መፈተሽ ነው።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም። ሁለቱም አዳፕተሮች በመጀመሪያ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሚቀራረቡ ሶኬቶች ላይ ይሰኩ። የአንደኛው የፔር (የማጣመሪያ) ቁልፍ ለ1 ሰከንድ ያህል ይጫን፤ የፓወር መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። 2 ደቂቃ ሳያልፍ የሁለተኛውም እንዲሁ ይጫን። የፓወርላይን መብራቱ ሲበራ ተገናኝተዋል። ከዚያ አንደኛው ከራውተሩ ላን ፖርት ጋር በኬብል ይያያዝ፤ ከሁለተኛው ላይ ኮምፒውተር ተያይዞ ፍጥነቱ ይለካ። ይህ ልኬት ይመዝገብ፤ በኋላ ችግር ቢመጣ ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የሽቦው የሚለየው በዚህ ነው። ሁለተኛው አዳፕተር ተነቅሎ ወደ ታሰበለት ክፍል ሲወሰድ ፔር ማድረጉን መድገም አያስፈልግም፤ ቡድኑን ያስታውሳል። ክፍሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሶኬት ይሞከር፤ በአንድ ክፍል ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ያሉ ሶኬቶች ከተለያየ ብሬከር የሚመጡ ከሆነ ልዩነታቸው እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ለልኬቱ የኮምፒውተሩ ዋይፋይ ይጥፋ፤ ካልሆነ የተለካው የትኛው መንገድ እንደሆነ አይታወቅም። የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ የሚነግረው የኢንተርኔቱን ጣሪያ ጭምር ነው። የመስመሩን ብቻ ለማወቅ አንድ ኮምፒውተር ራውተሩ ላይ፣ ሌላው አዳፕተሩ ላይ በኬብል አድርጎ በመካከላቸው አይፐርፍ3 የተባለውን የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ማስኬድ ይበጃል። ቲፒፒኤልሲ የተባለው የኩባንያው ፕሮግራም የሚያሳየው ጥሬውን ፍጥነት ስለሆነ ሶኬት ከሶኬት ለማወዳደር ይጠቅማል፤ የፋይል ማውረጃ ፍጥነት ተደርጎ ግን አይወሰድ።

ፔር ማድረጉ ለማገናኘት ብቻ አይደለም፤ ለደህንነትም ነው። ብዙ አዳፕተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት የኔትወርክ ስም ስለሚይዙ ሳይነኩ ቢሰኩም ወዲያው ይገናኛሉ። ከጎረቤት ጋርም የሚገናኙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምልክቱ በቆጣሪው ላይ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፣ በተለይ ብዙ ቤቶች ባሉበት ሕንፃ። የፔር ቁልፉ ሲጫን ለቡድኑ የራሱ ስም ይፈጠራል፤ ዳታውም ኤኢኤስ በተባለው የምስጠራ ስልት በ128 ቢት ቁልፍ ይመሰጠራል። አዳፕተሩ ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለስ።

ስለ እሳትና ስለ ሙቀት ሳንናገር አናልፍም። አዳፕተር ሥራ ላይ እያለ ይሞቃል፤ ለብ ማለቱ የጤና ነው። እጅ የሚያስለቅቅ ሙቀት፣ የፕላስቲክ ሽታ ወይም የሶኬቱ መጥቆር ግን ወዲያው የሚነቀልበት ምልክት ነው። ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከአልጋ ኋላ፣ አየር ከማያገኝበት ቁም ሣጥን ውስጥ አይሰካ። የላላ ሶኬት ላይ ንክኪው ፍንጣሪ እየፈጠረ ይግላል፤ አዳፕተሩ ሲሰካ የሚወዛወዝ ከሆነ መጀመሪያ ሶኬቱ ይቀየር። በፊቱ ባለው ሶኬት በኩል የሚያልፈው ጭነት ጀርባው ላይ ከተጻፈው አምፒር አይብለጥ። 16 አምፒር የሚል ከሆነ በ230 ቮልት 3680 ዋት መሆኑ ነው፤ ኤክስቴንሽን ከተሰካበት የሁሉም ዕቃዎች ድምር ይታሰብ። እኛ ግን ሂተር፣ ካውያና የውሃ ማፍያ በዚያ በኩል ጭራሽ እንዳያልፉ እንመክራለን። ለሰዓታት የሚዘልቅ ከባድ ጭነት የሚያግለው ያንኑ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ሙቀት ደግሞ ለውስጡ ኤሌክትሮኒክስ አይበጅም። ግራውንዱን ቆርጦ መሰካት፣ ሳጥኑን መፍታት፣ ውጭ ወይም እርጥበት ባለበት ቦታ መጠቀም የተከለከለ ነው። መብረቅ ሲያሰጋ ሁለቱም ይነቀሉ፤ የኔትወርክ ኬብሎቹም አብረው ይነቀሉ፣ ጉዳት በእነሱም በኩል ይገባልና።

ተበላሸ ተብሎ ከሚመጣው መካከል ብዙው ብልሽት አይደለም። አዳፕተሩ የተያያዘበት ኮምፒውተር ወይም ቴሌቪዥን ሲጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኃይል ወደ መቆጠብ ይገባል፤ ዕቃው ሲበራ ይነቃል። የፓወርላይን መብራቱ ቀይ ከሆነ ግንኙነት አለ ግን ደካማ ነው፤ ሶኬት መቀየር ነው። ጭራሽ ካልበራ ሁለቱም አንድ ክፍል ተመልሰው ይሞከሩ፤ እዚያ ከተገናኙ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ኔትወርኩ በሙሉ በድንገት ከቆመ ሁለቱም አዳፕተሮች በኬብል ከአንድ ራውተር ወይም ስዊች ጋር ተያይዘው እንደሆነ ይታይ፤ ያኔ ዳታው መውጫ በሌለው ክብ መዞር ይጀምራል፣ አንዱን ኬብል መንቀል ያድነዋል።

አንድ ችግር ግን ሰው ሁሉ የሚያማርረው በኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ነው። ኢንተርኔቱ በስልክ ሽቦ በቪዲኤስኤል የሚመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት ድግግሞሽ እስከ 17 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ ይህም ከፓወርላይን ጋር ይደራረባል። የስልኩ ሽቦ ከመብራቱ ሽቦ ጎን ከተኛ አዳፕተሩ ሲሠራ የኢንተርኔቱ መስመር ይቆራረጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አዳፕተሮቹን ነቅሎ የሞደሙን የመስመር ስህተት ቆጣሪ ማየት፣ መልሶ ሰክቶ እንደገና ማየት። ቁጥሩ ከተሰኩ በኋላ በፍጥነት ከጨመረ የስልኩ ሽቦ ከመብራቱ ይራቅ፤ ሞደሙን ከሶኬቱ የሚያገናኘው ገመድም ጠፍጣፋው ወጥቶ ጥንድ ጥንዱ በተጠማዘዘ አጭር ገመድ ይተካ።