እማዬን ብሮንክስ ዙ ወስዶ ላመጣልን ሹፌር

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ዘንድሮ እናት ወይ አባት ከአገር ቤት የሚመጣላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ቤተሰብ በቫን ኒው ዮርክ የሚያመላልስ አንድ የአገራችን ልጅ አለ። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጽፍም። ሳላመሰግነው ባልፍ ግን ቅር ይለኛል።

ልጆቹ ኒው ዮርክ ያለው የእንስሳት ማቆያ፣ ብሮንክስ ዙ ካልሄድን ብለው ወጥረው ይዘውኝ ነበር። እማዬ ደግሞ ከደባርቅ መጥታ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሰልችቷታል፤ ጉልበቷም ያማታል። ሌሎች ጋ ስደውል የሚጠይቁኝ «ስንት ናችሁ? መቼ?» ብቻ ነበር። እሱ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የጥያቄ መዓት አወረደብኝ። እማማ ደረጃ ይወጣሉ? ትንሿን ልጅ መኪና ያጥወለውላታል? እንቅልፏስ? መጨረሻ ላይ «እማማ ይጾማሉ?» አለኝ። ይሄ ከሹፌር የሚጠበቅ ጥያቄ ነው?

ምክንያት ነበረው። ብሮንክስ ዙ ረቡዕ ረቡዕ መደበኛው መግቢያ በነፃ ነው። ትኬቱ የተወሰነ ስለሆነ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት መያዝ አለበት። ነፃ ሲባል ማን ይጠላል፣ እኔም ረቡዕን ቋምጬ ነበር። «ረቡዕ እኮ ጾም ነው» አለኝ። «እማማ እህል ሳይቀምሱ በዚያ ፀሐይ ሊዞሩ ነው? ነፃው ትኬት ጎሪላዎቹንና ሞኖሬሉን፣ ማለት ግቢውን የሚያዞረውን ባቡር፣ አይጨምርም፤ ሰዉም ይበዛል።» ስለዚህ ከፍለን ሐሙስ አደረግነው፤ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ።

ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን እያሰባችሁ እንዳትሄዱ። ብሮንክስ ዙ 265 ኤከር ነው፣ ከ100 ሄክታር በላይ። በፈረንጆቹ 1899 ተከፍቶ እስካሁን ያለ ሰፊ ደን በሉት። በአንድ ቀን ሁሉንም ካላየሁ የሚል ሰው ማታ እግሩን ሲያሽ ያመሻል። ሹፌራችን ካርታውን አትሞ፣ የምንሄድበትን መንገድ በእስክሪብቶ አስምሮበት ነው የመጣው። አረፍ የሚባልባቸውን ቦታዎች ደግሞ አክብቦባቸዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን፣ በአገራችን አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን።

መኪናውን አቁሞ አብሮን እስከ መግቢያው መጣ። እዚያ ዊልቸር ያከራያሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያገኘው። እማዬ አይሆንም አለች። «እኔ ሽባ ነኝ?» ብላ ተቆጣች። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ እማማ፣ የልጆቹን ቦርሳና ምሳውን እንድንጭንበት ነው እንጂ!» ቦርሳው ተጫነ። ምሳ ከተበላ በኋላ ማንም ሳይነግራት ራሷ ተቀመጠችበት። (ምሳ ይዞ መግባት ይቻላል፤ እኛ ፍርፍር ነበር የያዝነው።)

ካርታው ላይ የመጀመሪያው ምልክት አንበሶቹ ወይም ጎሪላዎቹ መስለውኝ ነበር። አይደለም። «መጀመሪያ እማማን እዚህ ውሰዷቸው» ብሎ ባቡን ሪዘርቭ የሚባለው የዝንጀሮዎች ግቢ ላይ ኮከብ አድርጎበታል። ለምን እንደሆነ አልነገረንም። ቦታው በፈረንጆቹ 1990 የተከፈተ ነው፤ የእኛን ደጋ አስመስለው የሠሩት ተረተር። ስንደርስ አንድ ወንድ ጭላዳ ጎፈሩን ነስንሶ ተቀምጧል፤ ደረቱ ላይ ያቺ ቀይ ምልክት አለች። በሁለት እጁ ሣሩን እየቆነጠረ ይጎርሳል። አጠገቡ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ በመቀመጫው ፈቀቅ ይልና ይቀጥላል። እማዬ አጥሩን ይዛ ቆመች።

«በስመ አብ! ይሄ የእኛው አይደለም እንዴ? ስንቱን ገብስ ሲፈጅብን በወንጭፍ ሳባርረው ያደግሁትን፣ ዛሬ በዶላር ልየው?»

ሳቃችን አጠገባችን የነበረችውን የዙውን ሠራተኛ ጠራት። ልጄ ተረጎመላት። እሷም ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዱር የትም እንደሌለ፣ ከዝንጀሮ ዘርም እንዲህ ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ እንደሆነ ለልጆቹ ነገረቻቸው። ከዚያ ጠያቂዋ እሷ ሆነች። ገብስ ውስጥ ሲገቡ ስንት ሆነው ነው? ውሻ ይፈራሉ? እማዬም እያንዳንዱን መለሰች። ልጆቼ አያታቸውን እንደዚያ ቀን አፋቸውን ከፍተው ሲያዳምጡ አላየሁም። እዚያው ግቢ ውስጥ ቀንዳም ፍየል የሚመስልም አለ። እማዬ «ዋሊያም አምጥታችኋል?» አለች። የኑቢያ አይቤክስ ነው፣ የዋሊያ ዘመድ። «ቀንዱ ቀጠነ» ብላ አልተቀበለችውም። ለዚያች ሠራተኛም ምስጋናዬ ይድረሳት።

አንበሶቹን እዚያው አቅራቢያ አየን፣ ጎሪላዎቹንም። ቀኑ ሲከር ሞኖሬሉ ላይ ወጣን፤ ይሄም የካርታው ትእዛዝ ነው። ወንበሩ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ስለዞረ አንገት ማጠማዘዝ የለም። ዝሆኑንም አውራሪሱንም ተቀምጣችሁ ታያላችሁ። የሚሠራው በሞቃቱ ወራት ብቻ ስለሆነ በብርዱ ወራት ለምትሄዱ አይሆንም። ትንሿ እዚያው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ «በቃ፣ ውጡ» የሚል ስልክ ደረሰን። ልጆቹ አለቀሱ። ግን የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይን የማታ ትራፊክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳይጨናነቅ ተሻግረን ኒው ጀርሲ ገባን።

እንከን የለውም አልልም። መንገዱን ሙሉ የዩቲዩብ የፖለቲካ ትንታኔ ነው የሚከፍተው። ቀንስልኝ ስትሉት ይቀንሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድምፁ ከፍ ይላል። እማዬ ግን ወዳዋለች፤ አብራ ስትከራከር ነበር የመጣችው። ዋጋውም ርካሽ የሚባል አይደለም። ቤተሰቡ በዛ ካለ ግን ከባቡር ትኬት ያንሳል፤ ከቤት በር አንሥቶ ቤት በር ነው የሚያደርሳችሁ።

ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ክፍያ በዜል ወይም በካሽ ነው፤ ካርድ አይቀበልም። የሕፃን ወንበር አንድ ብቻ ስላለው ሁለት ሕፃን ያላችሁ አንዱን ይዛችሁ ኑ። ሐምሌ ቶሎ ይሞላበታልና ቀን ሳትቆርጡ በፊት ደውሉለት።