ቆሎ የማይቆረጥም ጥርስ እና አዲሱ አርቲኩሌተሬ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል አርቴፊሻል ጥርስ እሠራለሁ። ስድስት ዓመት የሠራሁት በተራዋ አርቲኩሌተር ነው፤ አርቲኩሌተር የላይና የታች መንጋጋ የጄሶ ሞዴል ታስሮበት የአፍን እንቅስቃሴ የሚያስመስል መሣሪያ ነው። እንደ በር ማጠፊያ ከፈት ዘጋ ከማለት ሌላ አታውቅም። ለአንድ ክራውን፣ ማለትም ለአንድ ጥርስ ሽፋን፣ ምንም አይላትም።

ጉድ የሠራችኝ ሙሉ ጥርስ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ለአንድ የመንዝ አባት የላይና የታች ሠራሁ። ሲነክሱ ልክክ ይላል። በሳምንቱ ተመልሰው፣ "ልጄ፣ ይሄ ጥርስ ለፎቶ ነው እንዴ? ቆሎ ስቆረጥም ይነሳል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው ሲያኝክ መንጋጋው ወደ ጎንም ይሄዳል። የእኔዋ ማጠፊያ ይህን ስለማታሳየኝ፣ አንዱ ጥርስ ቀድሞ እየነካ ሌላውን ወገን ያነሳባቸዋል።

መጀመሪያ መካከለኛውን ዓይነት አርቲኩሌተር ከጓደኛዬ ተውሼ ሞከርኩ። እሱ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ግን የመንጋጋው መንገድ፣ ማለትም መንጋጋው ወደ ፊት ሲሄድ የሚወርድበት ማዕዘን፣ 30 ዲግሪ ላይ ተቆልፎ ነው የመጣው። የሁሉም ሰው መንጋጋ 30 ቢሆን ኖሮ እዚያው በቆምኩ።

በመጨረሻ የሁለት ወር ገቢዬን አውጥቼ ሴሚ አጀስተብል፣ ማለትም በከፊል የሚስተካከል፣ ገዛሁ፤ አርኮን የሚባለውን። የመንጋጋውን መገጣጠሚያ ጫፍ የሚተኩት ኳሶች እንደ ሰው መንጋጋ በታችኛው ክፍል ላይ ናቸው። የጥርስ ዶክተሯ የላይኛው መንጋጋ ከጆሮ ፊት ካለው መገጣጠሚያ አንጻር ያለውን ቦታ ፌስቦው በሚባል መለኪያ ለክታ ትልክልኛለች። ታካሚው ደግሞ መንጋጋውን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ሰም ይነክሳል። በዚያች ሰም ማዕዘኑን አስተካክላለሁ። የአባታችን 40 ሆኖ ተገኘ! ጥርሱን እንደገና ሠራሁላቸው። ሊወስዱ ሲመጡ ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ነበር፤ ፊቴ ቁጭ ብለው ቆረጠሙ።

እንከን አለው። ፌስቦው ለብቻው እንደሚሸጥ ሻጩ ትንፍሽ አላለም። የቀኙ ብሎን ይላላል፤ መለዋወጫ ስጠይቅ "ይመጣል" ከተባልኩ አራት ወር አለፈ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁሌ አጠብቀዋለሁ።

በእኛ ብርድ ደግሞ ሞዴሉን ከአርቲኩሌተሩ ጋር የምናያይዝበት ጄሶ ቶሎ አይጠነክርም። ለብ ባለ ውሃ አቡኩት። ሳይጠነክር ከነካካችሁት ሞዴሉ ይንሸራተትና ያ ሁሉ ልኬት ገደል ይገባል።

ሙሉ በሙሉ የሚስተካከለውን በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው፤ ለእኔ ሥራ ቅንጦት ነው። ነጠላ ክራውን ብቻ የምትሠሩ ሴሚውንም አትግዙ። ማጠፊያዋን እኔም አልጣልኳት፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ክራውኗን ትሠራለች።