ለሥራ በሄድንበት ከተማ የት እንንዳ? ስትራቫ፣ ኮሙት፣ ራይድ ዊዝ ጂፒኤስና ነጻዎቹ ሲነጻጸሩ

ለሥራ ጉዞ ሻንጣ የሚያዘጋጁ ብስክሌተኛ ወዳጆቼ ሁሉ «መንገድ ለመምረጥ የትኛውን መተግበሪያ ልግዛ?» ይሉኛል። መልሴን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው፤ አንዱንም አትግዙ። መንገዱን በስትራቫ ነጻ ሂትማፕ (ብዙ ሰው ያለፈበትን መንገድ አድምቆ በሚያሳይ ካርታ) ላይ እዩት፣ በራይድ ዊዝ ጂፒኤስ ነጻ አካውንት ራሳችሁ ሥሩት፣ ከዚያም ብስክሌት የሚያከራያችሁን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ኮሙትን የሚወዱ ሰዎች በዚህ ፍርድ ቅር ሊላቸው ይችላል። እነሱ ትክክል የሚሆኑበትም ቦታ አለ፤ እደርስበታለሁ።

ለሥራ የሄደ ሰው የሚፈልገው መንገድ ለእረፍት የሄደው ከሚፈልገው ይለያል። ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ብስክሌቱ የኪራይ ነው፤ ከተማዋን አያውቃትም፤ ማርፈድ አይችልም። በእጁ ያለው ከንጋት እስከ ቁርስ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእሱ ጥሩ መንገድ የሚባለው በዚያ ሰዓት ሌሎች ብስክሌተኞች የሚገኙበት፣ ጎማ ቢተነፍስ ወይም ዝናብ ቢመጣ በአቋራጭ የሚመለሱበት፣ አስፋልቱ ሳይታሰብ ኮረኮንች የማይሆንበት ነው። የሚያምር ከሆነ ደግሞ እሰየው። መተግበሪያዎቹን የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን እንየው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነውና። ስትራቫ በአሜሪካ በዓመት 79.99 ዶላር ነው፤ ወር በወር ለሚከፍል 11.99 ዶላር። ወር በወር እየከፈለ ዓመቱን የጨረሰ ሰው 143.88 ዶላር አውጥቷል፤ ስለዚህ ዓመታዊው ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን አስሉት። ስድስት ወር ማለት 71.94 ዶላር ነው፤ ዓመታዊው የሚያዋጣው ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ነው። ለሥራ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚጓዝ ሰው ሰባት ወር ሙሉ አዲስ መንገድ አይፈልግም። የኮሙት ፕሪሚየም በዓመት 59.99 ዩሮ ነው። የብስክሌት ኮምፒውተር (እጀታ ላይ የሚታሰር፣ መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ) የሚሠራው ጋርሚን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ኮኔክት ፕላስ የተባለውን የሚከፈልበት አገልግሎት በወር 6.99፣ በዓመት 69.99 ዶላር አወጣ። መስመር መሥሪያው ግን በነጻው ጋርሚን ኮኔክት ውስጥ እንዳለ ነው፤ ለመንገድ ፍለጋ ብላችሁ ለፕላስ አትክፈሉ። ዋጋ እንደ አገሩ ስለሚለያይ የራሳችሁን አገር ዋጋ አይታችሁ ይህንኑ ስሌት ሥሩ።

ከዋጋው የባሰው «ነጻ ሙከራ» የሚሉት ነው። ሙከራው ሲጀመር የባንክ ካርዳችሁ ይመዘገባል፤ የሚያበቃው ደግሞ ከጉዞ ተመልሳችሁ ነገሩን ስትረሱት ነው። መተግበሪያውን ከስልክ ላይ መሰረዝ ክፍያውን አያቋርጥም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ለማይከፍተው መተግበሪያ ዓመት ሙሉ ይገፈግፋል። ክፍያው የሚቋረጠው በአፕል ወይም በጎግል የክፍያ ገጽ ላይ ነው፤ በአፕል ከሆነ ሙከራው ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት መሆን አለበት። ሙከራውን በጀመራችሁበት ደቂቃ አቋርጡት።

አሁን ወደ ሂትማፑ። ተጠቃሚዎች በይፋ ያጋሯቸው ጉዞዎች ተደራርበው ብዙ ሰው ያለፈበት መንገድ ደምቆ የሚታይበት ካርታ ነው። ለማየት ነጻ አካውንት ይበቃል። ገንዘብ የሚጠየቀው በዚያው ላይ መስመር ለመሥራት ነው፤ መስመር መሥሪያው እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ለከፋዮች ብቻ ሆኗል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ዋናው ሀብት ካርታው ነው፤ መሥሪያውን ሌላ ቦታ በነጻ ታገኙታላችሁ።

ካርታው ሲከፈት ከሁሉ በፊት ብስክሌትን ብቻ ምረጡ፤ አለበለዚያ የሯጮች መናፈሻ ሁሉ እንደ ብስክሌት መንገድ ደምቆ ይታያችኋል። ቀጥሎ ጨለማውን አንብቡ። ሰው ሁሉ የሚያየው የደመቀውን ነው፤ ብዙ የሚያስተምረው ግን የጠቆረው ነው። በካርታ ላይ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ከሆቴላችሁ በቀጥታ ወደ ገጠር የሚያወጣ መንገድ ታያላችሁ፤ ሂትማፑ ላይ ግን የለም ለማለት ይቻላል። ከእሱ ጎን ለጎን የምትጠማዘዝ ጠባብ መንገድ ደግሞ እንደ ፍም ትቀላለች። የአገሩ ሰዎች ስለ ሰፊው መንገድ የሚያውቁት ነገር አለ፤ የጭነት መኪና ይበዛበት ይሆናል፣ ጠርዙ የለም ይሆናል፣ ድልድዩ ጠባብ ይሆናል። ምክንያቱን ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ ጠባቧን ተከተሉ። እንዲህ ያለውን እውቀት በራሱ መስመር የሚሠራ መተግበሪያ ሁልጊዜ አይሰጣችሁም።

የካርታው ትልቁ ጉድለት ሰዓት አለመናገሩ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ጭር ያለ መንገድ ማክሰኞ ጠዋት በመኪና ሊጨናነቅ ይችላል፤ ካርታው ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ስትራቫ እ.ኤ.አ. በ2024 ጀምበር ከጠለቀች እስክትወጣ ያለውን እንቅስቃሴ ለይቶ የሚያሳይ የሌሊት ሂትማፕ አውጥቷል፤ ይህኛው ለከፋዮች ነው። የደመቀ መስመር ሁሉ ለሕዝብ ክፍት እንዳልሆነም እወቁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ዓለምን ያነጋገረው ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ወታደሮች በሰፈራቸው ውስጥ ሲሮጡ የመዘገቡት ጉዞ ደምቆ ታየና የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ አጋለጠ። በባዕድ አገር ደማቅ መስመር ተከትሎ በአጥር ውስጥ መግባት አይገባም። እናንተም ጉዞአችሁን ስታጋሩ መነሻውን ደብቁ፤ ያረፋችሁበትን ሆቴል ለማያውቃችሁ ሰው መንገር ምን ይጠቅማል?

ኮሙት ጥሩ ሥራ ነው። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ጠጠር እንደሆነ ከፋፍሎ ያሳያል፤ ለእረፍት ቀን፣ ሰፊ ጎማ ላለው ብስክሌት፣ ጊዜ ለተረፈው ሰው ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ወዳጆቹ ትክክል የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው። ለሥራ ጉዞ የማልመርጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ተጠቃሚዎች የሚጠቁሟቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ለዕይታ የተመረጡ ናቸው፤ መስመሩ በእነሱ በኩል ሲሳብ በቀጭን ጎማ የማይኬድበት የወንዝ ዳር መንገድ ውስጥ ይከታችኋል። ሁለተኛው ዋጋ ነው። ቀድሞ 29.99 ዩሮ አንድ ጊዜ ከፍሎ የዓለምን ካርታ መያዝ ይቻል ስለነበር ሰው ሁሉ ይመክረው ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2025 ቤንዲንግ ስፑንስ ለተባለ የጣሊያን ድርጅት ከተሸጠ ወዲህ አዲስ ተጠቃሚ መስመሩን ወደ ብስክሌት ኮምፒውተር ለመላክ ዓመታዊውን ክፍያ ይጠየቃል። የድሮ ተጠቃሚ «ርካሽ ነው» ሲላችሁ የሚናገረው እናንተ ስለማታገኙት ዋጋ ነው።

ራይድ ዊዝ ጂፒኤስ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው፤ ጌጡ ትንሽ ነው፣ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። በነጻው አካውንት በኮምፒውተር መስመር ትሠራላችሁ፣ ጎትታችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ዳገቱን ታያላችሁ፣ ፋይሉን የብስክሌት ኮምፒውተሮች በሚያነቡት በጂፒኤክስ ወይም በቲሲኤክስ ዓይነት ታወርዳላችሁ። ከተማዋን ጽፋችሁ ሌሎች የሠሩትን በርዝመት መፈለግም ትችላላችሁ። የብስክሌት ክለቦች ስለሚጠቀሙበት አንድ ዓይነት ስም ያላቸው፣ በየሳምንቱ የሚደጋገሙ መስመሮችን ታገኛላችሁ፤ እነዚያ ወርቅ ናቸው። ሂትማፑን በአንድ መስኮት፣ መሥሪያውን በሌላው ከፍታችሁ ደማቋን መንገድ እየተከተላችሁ ነጥብ በነጥብ አስቀምጡ። አንድ ምሽት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

የራይድ ዊዝ ጂፒኤስ በድምፅ እየመራ የሚወስደውና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ካርታ በክፍያ ነው። ለእሱም መውጫ አለ። ፋይሉን ኦርጋኒክ ማፕስ የተባለ የካርታ መተግበሪያ ውስጥ አስገቡት፤ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታውን በሆቴሉ ኢንተርኔት አንድ ጊዜ አውርዳችሁ መንገድ ላይ ያለ ዳታ ትሄዳላችሁ። በውጭ አገር ሲም ካርድ ዳታ ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ኦስምአንድ የተባለው ተመሳሳይ መተግበሪያም ይሠራል፤ ነጻው ግን የሚወርዱትን ካርታዎች ቁጥር ይገድባል።

በጣም የምጠላው ነገር የተገለበጡ ፋይሎች ሽያጭ ነው። «የከተማዋ ምርጥ መስመሮች» እየተባሉ በጥቅል የሚሸጡ አሉ። አንድ ባልደረባዬ ከፍሎ የገዛውን ጥቅል አብረን ካርታ ላይ ብንዘረጋው ሁለቱ መስመሮች አንድ ሆነው ተገኙ፤ አንደኛው አቅጣጫው ተገልብጦ በሌላ ስም ተቀምጧል። ሌላው ደግሞ ከአንድ መኖሪያ ቤት በር ተነሥቶ እዚያው ያበቃል፤ ይኸውም ሰው የመዘገበውን ጉዞ ሳያስፈቅዱ ወስደው እንደሸጡት ይነግራል። ሻጩ ገንዘቡን አልመለሰም።

በነጻ ያገኛችሁትንም ቢሆን ሳትፈትሹ አትውጡ። ፋይሉን ካርታ ላይ ስትከፍቱት መስመሩ ቤትና ወንዝ እያቋረጠ ቀጥ ብሎ ከሄደ ነጥቦቹ ተመናምነዋል፤ የብስክሌት ኮምፒውተራችሁ መታጠፊያውን አይነግራችሁም። ከፍታው በድንገት እንደ ግድግዳ ከዘለለ ድልድይ ወይም ዋሻ ሊሆን ይችላል። ብዙ መሣሪያዎች ከፍታ የሚወስዱት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር ከተለካው መረጃ ነው፤ እሱ የተራራውን ጫፍ እንጂ በሥሩ የተቆፈረውን ዋሻ አያውቅም። ዋሻ ደግሞ ለብስክሌት ተከልክሎ ሊሆን ስለሚችል መፈተሽ አለበት። የመጨረሻው ፈተና የመንገዱን ፎቶ የሚያሳየው ጎግል ስትሪት ቪው ነው። ሙሉውን መንገድ ማየት አያስፈልግም፤ ከከተማ መውጫውን፣ ትልቁን አደባባይና ድልድዩን ብቻ እዩ። የመንገዱ ጠርዝ ስንት እንደሚሰፋ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ምስሉ የተነሣበት ወርና ዓመትም ተጽፏል። ምስሉ የቆየ ከሆነ በዚያ ላይ አትተማመኑ።

በነጻ መስመር ከሚሠሩት ሳይክል ዶት ትራቭል አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ጭር ያለ መንገድ በመምረጥ ከብዙ ከሚከፈልባቸው ይበልጣል። ቢራውተር ይበልጥ ለሚመራመር ሰው ነው። ሁለቱም በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ነጻ ካርታ፣ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የቆሙ ስለሆኑ ካርታው በቸልታ በተሠራበት አገር አብረው ይደክማሉ። ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ከሄዳችሁ ግን መተግበሪያ ራሱ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጂየም ሊምበርግ የተጀመረው አሠራር የብስክሌት መንገዶቹን መገናኛዎች ሁሉ በቁጥር ስለሰየማቸው ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፎ መውጣት ይበቃል። ቦጎታ እሑድ ላይ ከዋላችሁ ዋና ዋና ጎዳናዎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ለመኪና ዝግ ናቸው። ኒውዮርክ ከሆነ ደግሞ ሴንትራል ፓርክ ዙሪያው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለመኪና ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ዙር መንገድ ለሥራ ለመጣ ሰው ተስማሚ ነው፤ ከሆቴሉ ብዙ ሳይርቁ ሰዓት ሲሞላ መውጣት ይቻላል።

የመጨረሻው ምንጭ ሰው ነው። የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ አትጠይቁ፤ ብስክሌት ካልነዳ የሚነግራችሁ የቱሪስት መንገድ ነው። የሚያከራየውን ወይም የሚጠግነውን ጠይቁት፤ አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «ቆንጆ መንገድ የት አለ?» ካላችሁት ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ተራራ ይነግራችኋል። «አንተ ራስህ ማክሰኞ ንጋት ከሥራ በፊት የት ትነዳለህ?» በሉት። ቀጥላችሁ የሠራችሁትን መስመር በስልክ አሳዩት፤ አንዱን መታጠፊያ በጣቱ ካስተካከለላችሁ ከማንኛውም ዓመታዊ ክፍያ የሚበልጥ አግኝታችኋል። በዚያው የጎማውን ስፋት ጠይቁ። 25 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚሰጣችሁ ከሆነ የጠጠሩን ክፍል ከመስመሩ አውጡት፤ 40 ከሆነ ይቆይ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና የጎማ መፍቻ ሳይሰጣችሁ አትውጡ። ፍሬኑንም ሞክሩ፤ በብሪታንያና በጃፓን የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው፣ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ በግራ። በማታውቁት ቁልቁለት ላይ ይህን መማር አይገባም።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው አገሮች አሉ። በቻይና የአገር ውስጥ ካርታዎች ሆን ተብሎ በተዛባ የቦታ መለኪያ ስለሚሠሩ መስመራችሁ ከመንገዱ በመቶዎች ሜትር ሊርቅ ይችላል። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ የካርታ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ ለረጅም ዓመታት ስለገደበች የአገሩን የካርታ መተግበሪያዎች፣ ናቨርን ወይም ካካኦን ተጠቀሙ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ የብስክሌት መንገድም ያሳያሉ።

መክፈል አለብኝ የሚል ካለ አንድ ጊዜ ብቻ እስማማለሁ፤ በክረምት ጨለማ ወደሚበዛበት ከተማ ለሳምንታት የሚሄድ ሰው የስትራቫን የሌሊት ሂትማፕ ለማየት የአንድ ወር 11.99 ዶላር ቢከፍል ገንዘቡ አልጠፋም። የሚነዳበትን መንገድ ሁሉ በዚያው ምሽት በራይድ ዊዝ ጂፒኤስ ላይ ይሥራና ፋይሎቹን ያውርድ። ደንበኝነቱንም በዚያው ቀን ያቋርጥ፤ የከፈለበት ወር እስኪያልቅ ካርታው አይዘጋበትም።